ለልብ ኤምአርአይ ክፍሎች፦ «ትንፋሽ ይያዙ» በሉን፣ ግን በአማርኛ

ይድረስ፦ በባሕር ዳር ከተማ የኤምአርአይ ምርመራ ለምትሰጡ የግል ክሊኒኮች ኃላፊዎችና ባለሙያዎች
ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ እንዲሁም ተራ ይዞ ለተቀመጠ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ሽምብጥ ሰፈር የምኖር የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት እኔና አክስቴ በሁለት ወር ልዩነት አንድ የግል ክሊኒክ ገብተን የልብ ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት የሚነሣ የልብ ምስል፣ ተነሣን። ማሽኑ ያው ነው። አልጋው ያው ነው። ክፍያውም ያው ነው። የእኔ ምስል ጥርት ብሎ ወጣ፤ የእሷ ተበላሸ። ሪፖርቷ እንግሊዝኛ ስለሆነ እያነበብኩ የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ። መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለ። «ታካሚዋ የተሰጣቸውን ትእዛዝ ባለመከተላቸው ምስሎቹ ጥራት ይጎድላቸዋል» ይላል።

አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ማን አዘዘኝና?» አለች።

እኔም ይህን ጥያቄዋን ይዤ ነው እናንተ ዘንድ የመጣሁት።

የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ሠራተኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንዷማ ኋላ እንደምነግራችሁ ባለውለታችን ናት። ደግሞ ያ ማሽን በመኖሩ ደስ ያለኝ ሰው ነኝ። ግን ውድ ማሽን ገዝታችሁ በነጻ የሚገኘውን ነገር ረሳችሁት።

ከራሴ ልጀምር። ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ አንድ ሳምንት ተኛሁ። ተሽሎኛል ብዬ እሑድ ጠዋት ኳስ ልጫወት ወጣሁ። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳልሮጥ ደረቴን ጨመደደኝ። ሐኪሙ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግበውን ኢሲጂ አስነሣኝ፣ ደም አስመረመረኝ፣ በድምፅ ሞገድ ልብን የሚያየውን ኢኮ ሠራልኝ። ኢኮ ልብ ስትመታ ያሳያል፣ ቫልቮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ያሳያል። የጡንቻው ሥጋ ውስጥ ምን እንዳለ ግን እንደ ኤምአርአይ አጥርቶ አይናገርም። «ቫይረሱ የልብህን ጡንቻ ነክቶት ይሆናል። አብጦ እንደሆነ፣ ጠባሳም ትቶ እንደሆነ በኤምአርአይ እንየው» አለኝ።

በነገራችን ላይ፣ ልቤን አመመኝ ያለ ሁሉ ኤምአርአይ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። በአገራችን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚጎዳው የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣው የቫልቭ በሽታ ነው። እሱን በዋናነት የሚያሳየው ኢኮ ነው። ተመልሶ እንዳያገረሽም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋሉ። ሐኪማችሁ «ኢኮ ይበቃል» ካላችሁ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ያዙ።

ማግኔት ሳስተምር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤታችን ያለችው ማግኔት ጫፏ የተሸረፈ፣ ሦስት መርፌ ቁልፍ አንሥታ አራተኛውን የምትጥል ናት። የክሊኒኩ ደግሞ 1.5 ቴስላ ነው። ኮምፓስ ከሚያዞረው የምድር ማግኔት ከ30 ሺህ እጥፍ በላይ ይበረታል። ይህን ጉልበት የሚሰጠው በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ሽቦ ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ ማግኔቱ አይጠፋም። ኤክስሬይ የሚባል ነገር የለበትም። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ውኃ ሃይድሮጅን አለው፤ ማግኔቱ የሃይድሮጅኑን እምብርት (ኒውክሊየስ) ያሰልፈዋል፣ የሬዲዮ ሞገድ ይነካዋል፣ እምብርቱ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚልከውን ምልክት ማሽኑ ያዳምጣል። ሞገዱ 64 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፣ ኤፍኤም ሬዲዮ ከሚጀምርበት ከ88 ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ ይህን ነገር ወደ ምስል በመቀየራቸው በፈረንጆቹ 2003 የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ሲገቡ ቁልፍዎ በረረ?» አለኝ። ቁልፌን በር ላይ ነው ያስረከብኩት።

ገባሁ። የደረቴን ፀጉር በትንሹ ላጩና የኢሲጂ መለጠፊያዎች ለጠፉብኝ። ከላዩ ላይ እንደ ቀላል ጥብቆ ያለ ነገር አስረው ጋደም አደረጉኝ። ጆሮዬ ተደፈነ፣ እጄ ላይ የጎማ ኳስ ተቀመጠ፣ አልጋው ወደ ውስጥ ሳበኝ። ከዚያ ድብደባው ጀመረ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተኝታችሁ በረዶ ሲዘንብ አስቡት፤ በረዶው ግን ሪትም አለው።

አሁን ወደ ትንፋሹ ልምጣ፣ ጉዳዬ እሱ ነውና። ልብ ፎቶ ልናነሣው ስንል እንደሚፈራገጥ ሕፃን ናት። ማሽኑ መምታቷን ያሸንፈዋል፤ በኢሲጂ እየተከታተለ ከየምቱ ጥቂት ጥቂት ይለቅምና ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ምት በኋላ አንድ ምስል ይገጣጥማል። ትንፋሽን ግን እንዲህ በቀላሉ አያሸንፈውም። ስንተነፍስ ድያፍራም የሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ከሥሯ ሆኖ ልብን ወደ ላይ ወደ ታች ይወስዳታል፣ ያውም በሴንቲሜትር በሚለካ ርቀት። ስለዚህ ሰውየው ለእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ትንፋሹን መያዝ አለበት። ሁልጊዜም ያው ቦታ ላይ። ሰው አየር ሲስብ አንዴ ብዙ፣ አንዴ ጥቂት ይስባል። አስወጥቶ ሲጨርስ ግን ልብ ወደ ተቀራራቢ ቦታዋ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ «አስወጣና ያዝ» የሚባለው ለዚህ ነው። ከልብ ጫፍ እስከ ሥሯ እንደ ዳቦ እየቆረጡ አሥር አሥራ ሁለት ምስል ያነሣሉ፤ ያ ገና አንዱ ዙር ነው። ስንት ጊዜ እንደያዝኩ ስቆጥር ሠላሳ ላይ ጠፋብኝ።

ታዲያ ትእዛዙን የሚሰጠው ሰው አልነበረም፣ የተቀዳ ድምፅ ነው። «ብሪዝ ኢን… ብሪዝ አውት… ሆልድ ዮር ብሪዝ።» የፈረንጅ ሴት ድምፅ፣ አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶ እሰሩ የምትለዋ ዓይነት ረጋ ያለ። አስቀድሞ ማንም ምንም አላስረዳኝም። እኔ እንግሊዝኛ ስለምሰማ፣ ፊዚክሱም ስለገባኝ ተወጣሁት። በዚያ ቀን ልብ እንኳ አላልኩትም። ለካ ፈተናውን ያለፍኩት ሌላ ትምህርት ቤት በተማርኩት ነው።

መሐል ላይ በክንዴ በኩል ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት፣ ሰጡኝ። ጋዶሊኒየም ይባላል። ቀዝቀዝ ብሎ ክንዴን ሲወጣ ታወቀኝ። ጤነኛ ጡንቻ ቶሎ ያጥበዋል፣ ጠባሳ ግን ይዞት ይቆያል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ሲያነሡ ጠባሳው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀድመው ኩላሊቴን በደም ምርመራ አይተውልኛል፣ ይህን በደንብ አድርገዋል፣ አመሰግናለሁ። በግራ በኩል የልቤ ግድግዳ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ታየ። ስድስት ወር ኳስ የለም ተባልኩ። ቡድናችን ያለ እኔ ማሸነፍ ጀመረ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አክስቴ የዘጌ ሰው ናት። ዘጌን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በሬ የማይጠመድበት፣ ቡና በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የሚኖርበት አገር ነው። ከአባቷ በወረሰችው ቡናና ጌሾ ልጆቿን አሳድጋ፣ እኔንም ጭምር አስተምራ፣ ስድሳዎቹን ይዛለች። አምና ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጣ መንገድ ላይ መቀመጥ አመጣች። በጀልባ አመጣኋትና ኢኮ ተሠራላት። የልቧ ግድግዳ ወፍሯል ተባለ። ደም ግፊት ያወፍራል። በዘር የሚመጣም አለ። ባዕድ ፕሮቲን ጡንቻው ውስጥ ተጠራቅሞም ሊሆን ይችላል። ሕክምናቸው አንድ አይደለም። በዘር ከሆነ ደግሞ የልጆቿም ጉዳይ ነው። ኤምአርአይ ይህን ለመለየት ይረዳል ተብሎ ነው የታዘዘላት እንጂ፣ ገንዘብ ተርፎን አይደለም።

ቀጠሮ ስንይዝ አንድ ወረቀት ሰጡን። ይሄኛው እንኳ አማርኛ ነው። «ከምርመራው 24 ሰዓት በፊት ጀምሮ ቡና፣ ሻይ፣ ኮካ አይጠጡ» ይላል። ዘጌ ተወልዶ አንድ ቀን ሙሉ ያለ ቡና! እሺ ብላ ዋለች፣ አደረችም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ክሊኒኩ ስንደርስ ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራ ነበር። ኋላ ሐኪሟን ስጠይቀው ሳቀ። ቡና የሚከለከለው የልብን ደም ሥሮች በመድኃኒት አስፍተው ለሚያነሡት ምርመራ ነው። እዚያ የሚሰጠውን አዴኖሲን የሚባል መድኃኒት ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ሥራውን ያበላሽበታል። እሷ የታዘዘላት ያ አልነበረም። እኔም የታዘዘልኝ ያ አልነበረም። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው፣ እንደ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም።

ቀጥሎ ፎርሙ መጣ። ይህ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ እኔ ክፍያ እስክጨርስ ሁሉንም «የለም» ላይ ምልክት አድርጎ ጨርሶታል። አንድም ነገር አልጠየቃትም። ወገኖቼ፣ ያ ፎርም ዝም ብሎ ወረቀት አይደለም። ልብ መቆጣጠሪያ ተገጥሞልዎታል? አእምሮ ላይ የደም ሥር መቆንጠጫ ብረት አለ? ሰውነትዎ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ቀርቷል? በዚህ አገር የመጨረሻውን ጥያቄ ለይስሙላ የሚያልፍ ሰው የት እንደሚኖር አላውቅም። ብየዳ ቤት የሠራ ሰው ዓይኑ ውስጥ የብረት ብናኝ ሊኖር ይችላል፤ ያ ብናኝ በዚያ ማግኔት ፊት ከቦታው ከተነሣ ዓይን ነው የሚሄደው። አክስቴ አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አላት። አንዳንድ ቀለም ብረት ስላለበት ሊሞቅ ይችላል፣ ስለዚህ ይጠየቃል፣ «ካቃጠለዎት ይንገሩን» ይባላል። ንቅሳቷን ያላየ ሰው የለም። የጠየቃት ግን የለም።

ይህን ሁሉ ይቅር ልል እችል ነበር። ማተቡን ግን አልችልም።

ልብስ መቀየሪያው በር ላይ አንዱ ልጅ መቀስ ይዞ መጣ። «ማተቡ ይቆረጥ» አለ። እንዲያው እንደ ቀልድ፣ የጫማ ክር ይመስል። በእኛ አገር ማተቡን የበጠሰ ሰው ምን እንደሚባል ለእናንተ አልነግራችሁም። ማተቧ ላይ ትንሽ መስቀል ነበረ፤ ብረት ነክ ስለሆነ መውለቁ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ክሩ ግን ጥጥ ነው። ጥጥን ማግኔት አይስበውም፣ አያሞቀውም፣ ምስልም አያበላሽም። መስቀሉን አውጥቶ ክሩን መልሶ ማሰር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አክስቴ ግን ሐኪም ቤት የተባሉትን የሚሰሙ ትውልድ ናት። አንገቷን ዘንበል አደረገችለት። ቁራጩን በመሐረቧ ቋጥራ ስትሰጠኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ሰዓት ልቧ ስንት ይመታ እንደነበር ኢሲጂው ይናገር።

በእግዚአብሔር፣ አንድ ጥቅል የጥጥ ክር ገዝታችሁ እዚያ ክፍል አስቀምጡ። ሻካራ ሆኖ ያረጀ፣ ወይም ከምን እንደተሠራ ያልታወቀ ማተብ ካለ ፈታችሁ በጥጡ እሰሩላቸው። ዋጋው ከአንድ ጥንድ ጓንት ብዙም አይበልጥም።

ገባች። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ወጣች። ልጁ ፊቱን አጨማዶ፣ «ሴትዮዋ አልተባበር አሉ» አለኝ።

ወጥተን ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። መጀመሪያ ቡና አዘዝኩላት። ሁለተኛውን ሲኒ ስታነሣ ዓይኗ ተከፈተ። ከዚያ ጠየቅኋት።

«አንዲት ሴትዮ ትጣራለች» አለችኝ።

«ማንን?»

«እኔን ነዋ። ሌላ ሰው የለ። አቤት እላለሁ። ዝም ትላለች። ደሞ ትጠራኛለች። አቤት እላለሁ።»

በያንዳንዱ «አቤት» አንድ ምስል ሄደ ማለት ነው። ጥሪ ሰምቶ ዝም የሚል ደግሞ ባለጌ ነው፣ እንዲያ ብላ ነው እኔንም ያሳደገችኝ።

«በየመሐሉስ?»

«ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር።»

«ድምፅ አውጥተሽ?»

«ታዲያ በዚያ ጫጫታ በልቤ ብደግም ማን ይሰማኛል?»

«ኳሷስ፣ እትዬ? እጅሽ ላይ ያስቀመጡልሽ?»

ሲኒዋን አስቀመጠችና መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ አሳየችኝ። «እንዳይሰበር እንዲህ አድርጌ ይዤላቸው ነበር። ስወጣ መለስኩ።»

ያቺ ኳስ የምትጨመቀው ሲጨንቅሽ ነው፣ ስትጨምቂያት ይመጡልሻል አልኳት። ወደ ሐይቁ ዞር አለች። «ጨንቆኝማ ነበር» አለች።

እንግዲህ ሪፖርቱ ላይ «ትእዛዝ ባለመከተላቸው» የተባለችው ሴት ይህች ናት። ራሷን እያመማት ቡና ያልጠጣች፣ ማተቧን ያስቆረጠች፣ ለጠራት ሁሉ አቤት ያለች፣ የሰጧትን ዕቃ ሳትሰብር የመለሰች። ከዚህ በላይ ትእዛዝ አክባሪ ታካሚ ካያችሁ አሳዩኝ።

ክሊኒኩ ተመልሼ ሄድኩ። ድጋሚ ከሆነ ግማሽ ክፍያ አለው አሉኝ። አሠራር ነው አሉ። በአስተማሪ ደሞዝ ግማሹም ግማሽ አይደለም። ከፈልኩ። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አስተማሪነቴን ለአክስቴ አዋልኩት። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር እየተቀመጥን ተለማመድን። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ትእዛዙን በስልክ ቀዳችው። የመጀመሪያው ቀን ተጨቃጨቅን፤ ጭቅጭቁ ግን ከሁሉም በላይ ጠቀመን። ልጄ «ትንፋሽ ውሰዱ» ብላ ቀድታለች። አክስቴ «ወዴት ልውሰደው?» አለች። እውነቷን ነው፤ ያቺ ከእንግሊዝኛ ተገልብጣ የመጣች ናት። «ተንፍሱ» አልን። እሷም ችግር አላት። ለአንዱ «እንደ ወትሮው ተንፍስ» ነው፣ ለሌላው «አስወጣ» ነው። ጎማ ተነፈሰ ስንል እኮ አየሩ ወጣ ማለታችን ነው። «ያዙ» ብቻውንም አልሠራም፤ ያቺ ኳስ የነበረችበትን እጇን ጭብጥ ታደርገዋለች። በመጨረሻ በዚህ ተስማማን፦

«አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ። ያስወጡ። ትንፋሽዎን ይያዙ።» ዝምታ። «በቃ፣ እንደ ወትሮው ይተንፍሱ።»

መጀመሪያ አምስት ሰከንድ ያዘች። ከዚያ ስምንት። ሰከንድ ስቆጥርላት ግን ትጨነቃለች፣ ቁጥሩ ያስቸኩላታል። በሦስተኛው ቀን የራሷን መለኪያ አመጣች። ትንፋሿን ይዛ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ አቡነ ዘበሰማያትን በልቧ ትጀምራለች። «እስከ ግማሹ ነው የፈለጋችሁት፣ አይሞላም» አለች። ሰዓት ያዝኩላት። አሥራ አራት ሰከንድ። አንድ ታንኳ የያዘ ሰው ከፊታችን አልፎ ቄጤማው ጋ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። እኔ ከእሷ ጋ ስወዳደር ተሸነፍኩ።

በቀጠሮው ቀን አንዲት ወጣት ባለሙያ ተረኛ ነበረች። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳት። ምንም አላለችም። የተቀዳውን ድምፅ አጠፋችና ማይክራፎኑን ራሷ ያዘች። ከመግባቷ በፊት አልጋው ላይ አንዴ አለማመደቻት። ኳሷን አሲዛ አስጨመቀቻትና፣ ደወሉ ሲጮኽ «ይኸው እንዲህ ይሰማኛል፣ እማማ» አለቻት። ከዚያ በየመሐሉ «ይሄኛው ረዘም ይላል፣ ዝም ብለው ይተንፍሱ»፣ «አሁን መርፌው ቀዝቀዝ ይልዎታል፣ አይደንግጡ» ስትል በሩ ገርበብ ሲል እሰማለሁ። ሃምሳ ደቂቃ ሳይሞላ አክስቴ ወጣች። አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀው ሥራ ማለት ነው። ለሰውዬው ባታዝኑ እንኳ ለማሽኑ ሰዓት እዘኑ፣ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው።

ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ውጤቱ የራሷ ነው፣ እዚህ አላወራውም። ሐኪሟ የሚፈልገውን መልስ አግኝቷል፣ መድኃኒቷንም ጀምራለች።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። ድምፁን በአማርኛ ቅዱት። ብዙ ማሽኖች የራስ ድምፅ ለመቅዳት ይፈቅዳሉ፤ የእናንተው የማይፈቅድ ከሆነም ማይክራፎኑ አለ፣ አንደበትም አለ። ከእንጅባራ ወገን ለሚመጡት በአገውኛም ይቀዳ። በአንቱታ ይሁን፤ ጎጃም ውስጥ ታላቅን ሰው አንተ ብሎ ትንፋሽ ማስያዝ አይቻልም። ከመግባታቸው በፊት ሁለት ደቂቃ አለማምዱ። ፎርሙን ሰውየውን እየጠየቃችሁ ሙሉት። ትንፋሽ መያዝ ጨርሶ የማይችል ሰው ሲያጋጥማችሁም እየተነፈሰ የሚነሣበት ዘዴ አለ፣ ጥራቱ ትንሽ ቢቀንስም፤ ከናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ሪፖርቱ እንግሊዝኛ ይሁን፣ ሐኪሞች እርስ በርስ ይነጋገሩበት፤ ከሥሩ ግን ሦስት መስመር አማርኛ ጨምሩልን። ምስሉን ቀድታችሁ ስለምትሰጡን ሲዲ አልናገርም። የሐኪሙ ኮምፒውተር የሲዲ ቀዳዳ የለውም፣ የኔም የለውም፣ ቤቴ ግድግዳ ላይ እንደ መስታወት ተሰቅሏል።

«ታካሚው አልተባበረም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንዴ ቆም በሉ። ያቺ መስመር ከሰውየው ጋ ከሐኪም ሐኪም ትዞራለች። በቋንቋው ያልነገራችሁት ከሆነ፣ «ትእዛዙ ታካሚዋ በምትሰማው ቋንቋ አልተሰጠም» ብላችሁ ጻፉ። እውነቱ እሱ ነው።

ለጤና ቢሮአችን፦ ፈቃድ ስትሰጡና ስታድሱ ክፍሉን፣ ማሽኑን፣ የባለሙያውን ወረቀት ታያላችሁ። አንዲት ጥያቄ ጨምሩበት። ማሽኑ በምን ቋንቋ ነው የሚናገረው?

ልጄ የቀዳችው ድምፅ ስልኬ ላይ አለ። ለፈለገ ክሊኒክ በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ፣ በነጻ። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ድምፁን ለአክስቴ አንዴ አሰማኋት። ጆሮዋን ስልኩ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችና አንድ ነገር ጎድሎታል አለች። መጨረሻው ላይ «ጨርሰናል፣ እግዜር ይማርዎ» የሚል ይግባበት። «የመጀመሪያ ቀን ጫጫታው ሲቆም ትተውኝ ምሳ የሄዱ መስሎኝ ነበር» አለች።

ገብቷል። አዲሱ ቅጂ ላይ አለ።

አክባሪያችሁ፣
የፊዚክስ አስተማሪው
ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር